«በካሜራው አይሰራላትም ወይ?»

ዛሬ እስካሁን ከልቤ ያልወጣ አንድ ገጠመኝ ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

ኢንተርን እያለሁ ነው። ሌሊት ተረኛ ሆኜ አንዲት ሴት ድንገተኛ ክፍል ደረሰች። የወር አበባዋ ከቀረ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ለአንድ ሳምንት ከእምብርቷ በታች በአንድ በኩል ሲያማት «ይተወኛል» እያለች ታግሳዋለች። ስትመጣ ፊቷ ገርጥቷል፣ ላብ አጥምቋታል፣ «ትከሻዬን!» ትላለች። ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ድያፍራምን ሲነካ ህመሙ ትከሻ ላይ ሊሰማ ይችላል።

ባለቤቷ «ዶክተር፣ በካሜራው አይሰራላትም ወይ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ጊዜው ግን አልፏል።

ከማህፀን ውጭ ከሚፈጠር እርግዝና ከ100 ከ90 በላይ የሚሆነው የማህፀን ቱቦ ላይ ነው። አልፎ አልፎ ግን ኦቫሪ ላይ፣ የድሮ ኦፕራሲዮን ጠባሳ ላይ፣ ወይም እንደ እሷ ቱቦው ማህፀን ውስጥ በሚገባበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። እዚያ ያለው ጡንቻ ስለሚለጠጥ እርግዝናው ቆይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ሲፈነዳ ደግሞ ብዙ ደም ይፈሳል።

ላፓራስኮፒ ማለት ሆድን በጋዝ ነፍቶ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆኑ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጭን መሳሪያ አስገብቶ መስራት ነው። ህመሙ ይቀንሳል፣ ቶሎ ወደ ቤት ያስገባል። የሰለጠነ ሐኪምና መሳሪያ ካለ፣ በጊዜ ከተደረሰበት እነዚህ ብርቅዬ ዓይነቶችም ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ይሰራሉ። ደም በብዛት ፈስሶ ግፊቷ ሲወርድ ግን ሆድን ከፍቶ ቶሎ ማስቆም ህይወት ያድናል።

ሆዷ ተከፈተ፣ ደም ተሰጣት፣ ተረፈች። በሦስተኛው ቀን «ህመሙ እንደጀመረኝ ብመጣ በካሜራ ይሰራልኝ ነበር?» አለችኝ። መዋሸት አልቻልኩም። «ሳይሆን አይቀርም» አልኳት፤ «ግን ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ማንም አልነገረሽም።»

ይኸው ዛሬ እኔ ልንገራችሁ፦

✅ የወር አበባሽ ቀርቶ ወይም ምርመራሽ ፖዘቲቭ ሆኖ የሆድ ህመም ወይም ደም ካየሽ በዚያው ቀን ታይተሽ አልትራሳውንድ ተነሺ።
✅ ራስሽን ካዞረሽ፣ ከሳትሽ ወይም ትከሻሽን ካመመሽ ሳትዘገዪ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።
✅ ከዚህ በፊት ገጥሞሽ ከሆነ ቀጣዩን እርግዝና እንዳወቅሽ ሐኪም አማክሪ፤ 6ኛው ሳምንት አካባቢ አልትራሳውንድ ያስፈልግሻል።

ለእህቶቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጤና ይብዛላችሁ!