«ልቤን» ሲሉ ልብዎን ነው ወይስ ጨጓራዎን?

ሐኪም ዘንድ ከመቅረባችን በፊት ስለ ገዛ ሰውነታችን ልናውቀው የሚገባ

የሀገራችን ሰው ሕመሙን የሚናገርበት የራሱ ቋንቋ አለው። «ልቤን አቃጠለኝ» ይላል፤ «ጎኔን ወጋኝ» ይላል፤ «ብርድ መታኝ» ይላል። አገር ቤት ያለ ሐኪም ይህን ሲሰማ አድጓልና ነገሩን ከነትርጉሙ ይረዳዋል። እዚህ ሎስ አንጀለስ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየማት የፌርፋክስ ጎዳና በአማርኛ ቡና አዘን፣ በአማርኛ ፖለቲካ ተሟግተን፣ በአማርኛ ተሰነባብተን መዋል እንችላለን። የታመምን ዕለት የምንቀርበው ግን ብዙውን ጊዜ አማርኛ ወደማይሰማ ሐኪም ነው። እሱም አስቀድሞ የሚጠይቀን «የት ላይ ነው የሚያምዎት?» ብሎ ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን «ልቤን» ብሎ ጨጓራውን፣ «ኩላሊቴን» ብሎ የወገቡን ጡንቻ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ልቡን የሚናገር ወገን ጥቂት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጊዜና ገንዘብ ያስወጣሉ፤ ሦስተኛው ነፍስ ያስከፍላል።

የዶሮዋ 12 ብልት

ውድ አንባብያን፣ የአካል ትምህርት ለእኛ ባዕድ አይደለም። ዶሮን 12 ብልት አድርጋ የምታወጣ እናት፣ ሽንጥን ከዳቢት፣ ጎድንን ከፍሪምባ የሚለይ ባለ ሥጋ ቤት፣ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቢላዋ የተማሩ የአካል አዋቂዎች ናቸው። የሰውም አካል እንዲሁ በሥርዓት የተከፋፈለ ነው።

ከትንሹ እንጀምር። የአካል ትንሿ ሕያው ክፍል ሴል ትባላለች፤ የሳይንስ አማርኛችን «ህዋስ» ይላታል። አንድ ጎልማሳ ሰው 30 ትሪሊዮን ያህል ህዋሳት እንዳሉት ይገመታል። አብዛኞቹ የደም ቀይ ህዋሳት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 120 ቀን ያህል ኖረው በአዲስ ይተካሉ። አንድ ዓይነት ሥራ ያላቸው ህዋሳት ሲሰባሰቡ እንደ ጡንቻና ነርቭ ያለ ሕብረ ህዋስ ይሆናሉ። ልዩ ልዩ ሕብረ ህዋሳት ተባብረው እንደ ልብና ጉበት ያለውን ብልት ይሠራሉ። ብልቶችም ተያይዘው ምግብ የሚፈጨውን፣ ደም የሚያዘዋውረውን፣ የሚያስተነፍሰውን ሥርዓት ያቆማሉ። ሐኪሙ «የት ላይ ነው?» ሲል ከነዚህ ብልቶች የትኛው እንደ ጮኸ እየጠየቀን ነው።

ልብና ጨጓራ ጎረቤታሞች ናቸው

ደረትንና ሆድን የሚለያያቸው ድያፍራም የሚባል ስስ ጡንቻ ነው። ከበላዩ ልብና ሳንባ፣ ከበታቹ ጨጓራ፣ ጉበትና ጣፊያ አሉ። ልብ ብዙዎቻችን እንደምናስበው በግራ ጡት ሥር የተሸጎጠ አይደለም። ከፍሪምባ አጥንት ኋላ፣ በደረት መሐል፣ ጫፉን ወደ ግራ አዘንብሎ የተቀመጠ፣ የባለቤቱን ጭብጥ የሚያህል ጡንቻ ነው። በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ እየመታ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ጨጓራ ከሱ ዝቅ ብሎ ከድያፍራሙ ሥር ወደ ግራ ይገኛል፤ ምግብ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት ቱቦም የሚያልፈው ከልብ ኋላ ነው። ከሁለቱ የሚነሣው የሕመም መልእክት ወደ አከርካሪ የሚገባው በተቀራረበ መንገድ ስለሆነ፣ አንጎል ራሱ ለመለየት ይቸገራል።

ስለዚህ ቃር ሲነሣ «ልቤን አቃጠለኝ» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። አደጋው በግልባጩ ነው። የልብ ደም ሥር ተዘግቶ የልብ ጡንቻ ደም ሲያጣ፣ ሕመምተኛው ከእምብርቱ በላይ ጫና፣ ማቅለሽለሽና ማግሳት ብቻ ሊሰማው ይችላል። በተለይ ሴቶች፣ በዕድሜ የገፉና የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ያለ ደረት ሕመም በልብ ሊጠቁ ይችላሉ። እኛ ግን «ጨጓራዬ ተነሣ» ብለን ወተት ጠጥተን፣ «ብርድ ነው» ብለን ፌጦ በጥብጠን እንተኛለን።

ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሕመም ከመጣ 911 ይደወላል እንጂ እስኪያልፍ አይጠበቅም። «ጓደኛዬ ያደርሰኛል» ተብሎም በሎስ አንጀለስ የመኪና ጋጋታ ውስጥ አይገባም፤ የአምቡላንስ ሠራተኞች ሕክምናውን ከደጃፍዎ ይጀምራሉና።

ስለ ጨጓራ ካነሣን፣ በርበሬ ብቻውን የሚወቀስበት ዘመን አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች፣ ዋረንና ማርሻል፣ ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ አገኙ። ብዙውን የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣው እሱ መሆኑን አስረድተውም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያው በሀገራችን በሰፊው የሚገኝ ሲሆን፣ በምርመራ ተለይቶ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይድናል። ዕድሜ ልክ ሽሮ አልጫ መብላት አያስፈልግም።

ሆድ ካርታ አለው

በአማርኛ ሆድ ይብሳል፣ ቆሽት ያራል፣ ሐሞት ይፈሳል፣ አንጀት ይበላል። ለሐኪሙ ግን ሆድ ካርታ ነው። በእምብርት ላይ አንድ መስመር ከላይ ወደ ታች፣ ሌላው ከጎን ወደ ጎን ቢሰመር አራት ሰፈር ይወጣል። ቀኝና ግራ የሚባለው የሕመምተኛው ነው።

በላይኛው ቀኝ 1.5 ኪሎ ያህል የሚመዝነው ጉበትና ከሥሩ የሐሞት ከረጢት አሉ። ቅቤ የበዛበት ክትፎ ከተበላ በኋላ እዚህ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ትከሻ የሚሄድ ሕመም የሐሞት ጠጠርን ያስጠረጥራል። በላይኛው ግራ ጨጓራና ጣፊያ ናቸው። ከጨጓራ ኋላ ኢንሱሊን የሚያመነጨው ቆሽት ተጋድሟል። በታችኛው ቀኝ ትርፍ አንጀት አለ፤ ሲታመም ብዙ ጊዜ በእምብርት ዙሪያ ይጀምርና ወደ ቀኝ ይወርዳል። ኩላሊቶች ደግሞ ከፊት ሳይሆን ከጀርባ፣ ከመጨረሻዎቹ ጎድኖች አጠገብ፣ በግራና በቀኝ ናቸው። ስንጎነበስና ዕቃ ስናነሣ የሚብስ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ ነው፤ የኩላሊት ጠጠር ግን ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት እየወረደ ዕረፍት ይነሣል።

እንዲሁም «እግሬን» ማለት ብቻ አይበቃም። ጭን ነው? ጉልበት? ባት? ቁርጭምጭሚት? ቀኑን ሙሉ ታክሲ ውስጥ ወይም ወደ ሀገር ቤት በሚወስደው ረጅም በረራ ላይ ተቀምጦ የቆየ ሰው አንዱ ባቱ ብቻ ቢያብጥና ቢያመው ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል።

ስለ ደማችን ለሐኪሙ የምንነግረው

ሐኪሙ ላያስታውሳቸው የሚችሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ብዙ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ ደም ህዋስ ቁጥራቸው በላቦራቶሪው ወረቀት «ትክክለኛ» ከተባለው ያነሰ ነው። ይህ ከዘር የሚወረስ እንጂ በራሱ በሽታ አይደለም። ውጤቱ ዝቅ ብሎ ከታየ ከመደንገጥ በፊት «ይህ የኢትዮጵያዊነቴ ጉዳይ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ኮዴይን ነው። ይህን የሕመም ማስታገሻ ጉበታችን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። ለውጡን የሚያካሂደው ዘረመል በትርፍ የሚገኝባቸው ሰዎች ከሚገባው በላይ ሞርፊን በደማቸው ይሞላል። እሌኒ አክሊሉ የተባሉት ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህ ትርፍ ዘረመል ተገኝቶባቸዋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ኮዴይን እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ኮዴይን ሲታዘዝልዎ ሌላ መድኃኒት ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ።

አስተርጓሚ መብት ነው

ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ፣ እንግሊዝኛው ለማይበቃው ሕመምተኛ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በስልክም ሊሆን ይችላል። የ10 ዓመት ልጅን ለእናቱ ማስተርጎሚያ ማድረግ ለልጁም ለእናቱም አይበጅም። ልጁ ጣፊያንና ቆሽትን አያውቅም፤ እናትም በልጅዋ ፊት ስለ ማኅፀንዋ አትናገርም። «ብልት» የሚለው ቃል ራሱ በዕለት ንግግራችን ኀፍረትን ስለሚያመለክት፣ ከእምብርት በታች ያለውን ሕመም ስንሸፋፍን ዓመት እናሳልፋለን።

ቃሉ ቢጠፋዎት ልብስዎን ገለጥ አድርገው በአንድ ጣት ቦታውን ያሳዩ። መቼ እንደ ጀመረ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያብሰው፣ ምን እንደሚያቀለው ይናገሩ። «ሁለመናዬን ያመኛል» ከማለት ይህ ይሻላል። አበው እንዳሉት በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ቦታውን ያልጠቆመም እንዲሁ ነው።