ከስሙ በፊት ዋቱን ይጠይቁ

በአዲስ አበባ የኮምፒውተር መደብሮችና በቴሌግራም የሽያጭ ቻናሎች የሚለጠፈው የጌሚንግ ላፕቶፕ ማስታወቂያ መልኩ ተመሳሳይ ነው፤ «ኮር አይ 7፣ 16 ራም፣ 512 ኤስኤስዲ፣ 8 ጂቢ ግራፊክስ፣ ስሊትሊ ዩዝድ»። ይህ ሁሉ ተጽፎ ዋናው ነገር ቀርቷል። ማሽኑ ለግራፊክስ ካርዱ ስንት ዋት ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥ፣ ያ ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ሲቀየር ደግሞ ሙቀቱን ምን ያህል ማስወጣት እንደሚችል አልተነገረም። ጌም የሚጫወት ወጣትም ሆነ በሉሚዮን ወይም በብሌንደር የሕንፃ ምስል የሚሠራ አርክቴክት የሚያገኘው ፍጥነት የሚወሰነው ግን በዚሁ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው በጣም ስለናረ፣ ተሳስቶ መግዛት ከቀድሞው ይልቅ ያስከፍላል።

ጉዳዩን በአንድ ካርድ ማየት ይቀላል። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4060 እ.ኤ.አ. በ2023 ለገበያ የቀረበ የመካከለኛ ደረጃ ካርድ ነው። ለላፕቶፕ የተዘጋጀው ዓይነት፣ ኤንቪዲያ ራሱ ባወጣው ገደብ፣ ከ35 እስከ 115 ዋት ድረስ ሊመደብለት ይችላል። ቁጥሩን የሚመርጠው የላፕቶፑ አምራች ነው። ቀጭንና ቀላል ላፕቶፕ ማውጣት የፈለገ አምራች 45 ወይም 60 ዋት ላይ ያቆመዋል፤ ወፍራምና ከባድ የሚሠራው ሙሉውን ይለቅለታል። የሁለቱም መለያ ተለጣፊ ግን የሚለው ያንኑ «አርቲኤክስ 4060» ነው። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ቀጭኑ ያማልላል፤ ከባድ ጌም ሲከፈትባቸው ግን ወፍራሙ ጥሎት ይሄዳል። ሙሉ ዋት ያገኘ 4050 በዝቅተኛ ዋት የታሰረ 4060ን ሊስተካከለው፣ አንዳንዴም ሊበልጠው ይችላል።

ቀደም ባለው ጊዜ ይህን ለይቶ ማወቅ ቀላል ነበር። በዝቅተኛ ዋት የሚሠሩት ካርዶች ከስማቸው ጋር «ማክስ ኪው» የሚል ቅጥያ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የ30ዎቹ ተከታታይ ካርዶች በላፕቶፕ ሲመጡ ቅጥያው ከስማቸው ወጣ፤ ገዢም የሚለይበት ምልክት አጣ። በእኔ አስተያየት ይህ ለተራው ገዢ ትልቅ በደል ነው።

ስለዚህ ሻጩን «ግራፊክሱ ስንት ዋት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ሻጭ መልሱን አያውቀውም፤ ካርቶኑ ላይ ስላልተጻፈለትም አይፈረድበትም። ላፕቶፑ ተከፍቶ በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓናል «ሄልፕ»፣ ቀጥሎ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ሲጫን «ማክሲመም ግራፊክስ ፓወር» ከሚለው ጎን ቁጥሩ ይገኛል። 4060 ሆኖ ከ100 በላይ ካሳየ ጥሩ ነው። 60 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ዋጋውም በዚያው ልክ መውረድ አለበት። ላፕቶፑን ሳይከፍቱም አንድ ፍንጭ አለ፤ ቻርጀሩን ገልብጠው ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት በአምፒሩ ያባዙት። 20 ቮልት በ11.5 አምፒር 230 ዋት ነው፤ 20 ቮልት በ6.75 አምፒር ደግሞ 135 ዋት። በ135 ዋት ቻርጀር ፕሮሰሰሩም ግራፊክሱም እኩል ሙሉ ጉልበታቸውን ሊያወጡ አይችሉም።

ሌላው ወጥመድ የዴስክቶፕና የላፕቶፕ ስም መመሳሰል ነው። 4060 ላይ ቢያንስ ቺፑ አንድ ነው። ከፍ ሲሉ ግን ስሙ አንድ ሆኖ ዕቃው ይለያያል። የዴስክቶፑ አርቲኤክስ 4070 ሜሞሪው 12 ጊጋባይት፣ ኮሮቹ 5,888 ናቸው፤ የላፕቶፑ 4070 ግን 8 ጊጋባይትና 4,608 ኮር ያለው ሌላ፣ አነስተኛ ቺፕ ነው። በ4090 ላይ ልዩነቱ ይባስ ይሰፋል፤ በዴስክቶፕ 16,384 ኮር፣ በላፕቶፕ 9,728። በዩቲዩብ የዴስክቶፕ ካርድ ሲፈተን አይቶ በዚያው ስም ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው የጠበቀውን አያገኝም።

ዋቱ ሙሉ ቢሆንም ሙቀቱ መውጫ ካላገኘ ዋጋ የለውም። ፕሮሰሰሮች 95 ወይም 100 ዲግሪ ሲደርሱ ራሳቸውን ከጉዳት ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ግራፊክሱም የራሱ ወሰን አለው። እዚህ ላይ የእኛ ከተማ የተለየ ጠባይ አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የላፕቶፑ ፋን በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን ባይቀየርም የዚያ አየር ክብደት ያንሳል፤ ሙቀትን ተሸክሞ የሚያወጣው ደግሞ ክብደቱ ነው። የከተማዋ ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ያካክሰዋል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ዱባይ በኤሲ ክፍል ተሞክሮ ጸጥ ያለ ላፕቶፕ አዲስ አበባ ሲደርስ ፋኑ ሊጮኽ ይችላል፤ ጥፋቱም የሻጩ ላይሆን ይችላል። ድሬዳዋ ላለ ሰው አየሩ ወፈር ይላል፣ ሙቀቱ ግን ያንኑ ችግር ይመልሰዋል። ስለዚህ ለአገራችን ገዢ የምመክረው ወፈር ያለውን፣ ከኋላና ከጎን ሰፋፊ መተንፈሻ ያለውን ነው። አቧራውን በየጊዜው ማስጠረግ፣ አሮጌ ከሆነ ቴርማል ፔስቱን ማስቀየር፣ አልጋ ላይ አስቀምጦ አለመጫወት የግድ ናቸው።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ ግን በባትሪ ጌም እጫወታለሁ ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው። አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳልፉት የባትሪ ጣሪያ 100 ዋት ሰዓት በመሆኑ አምራቾች ከዚያ በላይ አይሠሩም። 150 ዋት የሚስብ ማሽን ይህን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ለዚያም ሲባል ሶኬቱ ሲነቀል ላፕቶፑ ግራፊክሱን በእጅጉ ይገድበዋል። የባትሪው ጥቅም ሥራን ለማስቀመጥና ለቀላል ጽሑፍ ነው።

ከቤት ወይም ከቢሮ ለማይንቀሳቀስ ሰው ዴስክቶፕ መገጣጠም ይሻላል፤ በዚህ አልጠራጠርም። በተመሳሳይ ገንዘብ የበለጠ ዋት ያገኛል፣ የተበላሸው ክፍል ብቻ ይቀየራል፣ ካርዱም ከዓመታት በኋላ በአዲስ ይተካል። በተለይ በአንዴ ሙሉውን መክፈል ለማይችል ሰው አንድ መንገድ አለ። ራይዘን 5 7600 የተባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር 6 ኮር ያለው ሲሆን ስክሪን የሚያስነሳ አነስተኛ ግራፊክስ ራሱ ውስጥ አለው። እሱን ከቢ650 ማዘርቦርድ፣ ከዲዲአር5 ራም፣ ከኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲና ከጥሩ ፓወር ሰፕላይ ጋር ገጥሞ መሥራትና መማር ይቻላል፤ ግራፊክስ ካርዱ ገንዘብ ሲገኝ ወይም ዘመድ ሲመጣ ይጨመራል። ስሙ ላይ «ኤፍ» ያለበት ፕሮሰሰር፣ ለምሳሌ 7500ኤፍ፣ ይህን አያደርግም፤ ካርድ ከሌለ ስክሪኑ ጨለማ ነው። የኤኤም5 ሶኬትን ኤኤምዲ ቢያንስ እስከ 2027 እደግፋለሁ ስላለ ማዘርቦርዱ ሳይቀየር የተሻለ ፕሮሰሰር የመግጠም ዕድልም አለ።

ስለ ራም ብዙ አልልም። ሁለት ባለ 8 ከአንድ ባለ 16 ይሻላሉ፤ ዲዲአር4 በዲዲአር5 ማዘርቦርድ አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የኤአይ ዳታ ሴንተሮች የሜሞሪ ቺፕ ስለተሻሙ ዋጋው በዓለም ገበያ ንሯልና፣ ከአሮጌው ማሽንዎ የሚሆን ራም ካለ አይጣሉት።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል፤ ሰው ገንዘብ የሚቆጥብበት፣ በኋላም የሚያለቅስበት ክፍል እሱ ነው። ራይዘን 5 7600 እና አርቲኤክስ 4060 የያዘ ዴስክቶፕ በጌም ላይ የሚስበው 250 ዋት ገደማ ነው። ለዚህ 80 ፕላስ ብሮንዝ ወይም ጎልድ የሆነ እውነተኛ 550 ዋት ይበቃዋል። በላዩ 700 ተብሎ የተጻፈበት፣ ሲያነሱት እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል ስም የለሽ ሳጥን ግን ያንን አይሰጥም፤ መብራት ከፍና ዝቅ ሲል ደግሞ ማዘርቦርዱንና ካርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ዩፒኤስ ሲገዙም ቪኤ የሚለውን እንደ ዋት አይቁጠሩት። 650 ቪኤ የተባለው ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። ለተጠቀሰው ማሽንና ለስክሪኑ 1,000 ቪኤ ቢመርጡ ይሻላል እላለሁ፤ ሥራ አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል።

ከአሜሪካ ለሚልኩ ዘመዶችም አንድ ቃል አለኝ። የላፕቶፕ ቻርጀር በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የሶኬት አዳፕተር ብቻ ይበቃዋል። አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ግን ከኋላው ቀይ የቮልት መምረጫ እንዳለ ይመልከቱ፤ 115 ላይ እንደተተወ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል። የአምራቹ ዋስትና ብዙ ጊዜ ከተገዛበት አገር ውጭ እንደማይሠራም አስቀድመው ያረጋግጡ።

ያገለገለ ዕቃ ላይ «ኮር አይ 7» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አይ7 7500ዩ 2 ኮር ብቻ አለው፤ አይ5 12450ኤች ደግሞ 8። ከቁጥሩ ፊት ያሉት አሃዞች ትውልዱን፣ መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ጉልበቱን ይነግራሉ፤ ዩ ለባትሪ ቁጠባ፣ ኤች ለከባድ ሥራ። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ትላልቅ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከመጠን ያለፈ ቮልት እየጠየቁ ይጎዱ እንደነበር ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 አምኖ ዋስትናውን በ2 ዓመት አራዝሟል፤ ያገለገለ ከሆነ ባዮሱ መታደሱን ሳያረጋግጡ አይውሰዱ። በርካሽ የሚሸጥ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ባዮሱ ተቀይሮ አሮጌው ካርድ የአዲስ ስም ሊለብስ ይችላል፤ ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ያጋልጣል።

በጀቱ አነስተኛ ለሆነ ሰው የመሥሪያ ቤት ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤሊትዴስክ ገዝቶ ካርድ መጨመር ይቻላል። የነዚህ ፓወር ሰፕላይ ደካማና በሌላ ለመተካት አስቸጋሪ ስለሆነ ካርዱ ኤሌክትሪኩን ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ብቻ የሚወስድ መሆን አለበት፤ ያ ቀዳዳ የሚሰጠው 75 ዋት ነው። 70 ዋቱ ባለ 6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 ለዚህ ይስማማል፤ ጂቲኤ 5ንና የእግር ኳስ ጌሞችን ያለ ችግር ያስኬዳል። ቀጭን ኬዝ ከሆነ ካርዱ አጭሩ ዓይነት መሆኑን ለክተው ይግዙ።

የትኛውንም ቢመርጡ ከመክፈልዎ በፊት ሶኬት ላይ ሰክተው ከባድ ጌም ወይም ሬንደር ለግማሽ ሰዓት ያስኬዱበት። ኤችደብልዩኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍተው የግራፊክሱን ዋትና ሙቀት ይከታተሉ። በ30ኛው ደቂቃ ላይ ዋቱ በ5ኛው ደቂቃ ከነበረው ብዙ ካልወረደ ማሽኑ ደህና ነው። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ገንዘብዎን ይዘው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ።