ቀዳዳው ከመስፋቱ በፊት

ሰሞኑን በአንድ ቤተ ሙከራ ጤነኛ የመዳብ ሬዞኔተር ተበላሸ። ከጠረጴዛ ወድቆ ወይም ኃይል በዝቶበት አይደለም፤ «ፊዱን እናሻሽል» ተብሎ ነው። በ10 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራው ይህ ሣጥን ከዌቭጋይዱ ጋር የሚገናኘው 8 ሚሊ ሜትር በሆነች ክብ ቀዳዳ ነበር፤ ፊዱ ይህች ናት። በኔትዎርክ አናላይዘሩ ስክሪን ላይ የነጸብራቁ ጉድጓድ 14 ዲቢ ያህል ይወርዳል። አንድ ወጣት ባለሙያ ከአንድ የቴሌግራም ቻናል «ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ፊዱ ጥሩ ነው፤ ካልጠለቀ ቀዳዳውን ማስፋት» የሚል ምክር አንብቦ ነበርና ትራፓኖው ላይ የ9 ቁጥር ፑንታ ገጠመ። ሰርስሮ ሲለካው ጉድጓዱ 6 ዲቢ ብቻ ሆነ። ምክሩ «ካልጠለቀ አስፋ» ስለሚል ልጁ የ10 ቁጥር ፑንታ ፍለጋ ሲነሣ ነው እጁ የተያዘው።

ልጁን የሚወቅስ የለም። ምክሩን የጻፈው ሰው ግን በሺህ ለሚቆጠሩ ተከታዮች ሲጽፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የጎደለችበት፤ የጎደለችው ደግሞ ዋናዋ ናት። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዚያው ቀን ነው፤ ቁጣው ገና ሳይበርድ።

ሬዞኔተር ምንድን ነው፣ ኪው ምንድን ነው የሚለው እዚህ አይደገምም። ያንን የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ትራፓኖውን ያስቀምጥ። ወደ ፊድ ምርጫው፣ በተራ ቁጥር፦

1. ፕሮብ። የኮአክሲያሉ የመካከል ሽቦ ጥቂት ወደ ውስጥ ዘልቆ ይቆማል። የሚይዘው ኤሌክትሪክ መስኩን ስለሆነ ቦታው መስኩ የሚበረታበት፣ አቋሙም በመስኩ አቅጣጫ መሆን አለበት። ወደ ውስጥ በገባ መጠን ኩፕሊንጉ ይጨምራል፣ የሬዞናንሱ ፍሪኩዌንሲም አብሮ ይንሸራተታል። በየወጥ ቤቱ ያለው ማይክሮዌቭ ኦቨን ውስጥ ማግኔትሮኑ የ2.45 ጊጋኸርዝ ጉልበቱን ወደ ዌቭጋይዱ የሚያስገባው እንዲህ ባለ አጭር አንቴና ነው። ፕሮብ ለመሥራት ቀላል ነው። ሰው ለቅለቱ ሲል ብቻ ሲመርጠው ግን መስኩ ዜሮ በሆነበት ግድግዳ ላይ ይተክለውና «ሬዞኔተሩ ሞቷል» ብሎ ይመለሳል።

2. ሉፕ። ሽቦው ተጠምዝዞ ጫፉ ግድግዳው ላይ ይበየዳል፤ በቀለበቱ መሐል የሚያልፈውን መግነጢሳዊ መስክ ይይዛል። ትልቁ ጥቅሙ መሽከርከሩ ነው፤ ከሙሉ ኩፕሊንግ 60 ዲግሪ ብታዞሩት ቤታ፣ ማለትም የኩፕሊንጉ ልክ፣ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ምንም ብረት ሳይቆረጥ። ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1940 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ካቪቲ ማግኔትሮናቸውን ሲያስነሡ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ 400 ዋት ያህል ያወጡት ከስድስቱ ካቪቲዎች በአንዱ ውስጥ በገባች ሉፕ ነበር። ስድስቱ እርስ በርሳቸው ስለሚገናኙ አንዷ በቂ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባባሪ ኃይሎቹ የሴንቲ ሜትር ሞገድ የአውሮፕላን ራዳር የተወለደው ከዚያ ንድፍ ነው።

3. ቀዳዳ፣ ማለትም አይሪስ። ከዌቭጋይድ ጋር ለሚሠራ ሰው ንጹሑ መንገድ ይኸው ነው፤ ሽቦ የለም፣ ብየዳ የለም፣ የሚላላ ነገር የለም። የትንሽ ቀዳዳን ስሌት ሃንስ ቤተ እ.ኤ.አ. በ1944 አሳትሞታል። ይህ ሰው በኋላ ከዋክብት ጉልበታቸውን ከየት እንደሚያገኙ በማስረዳቱ የኖቤል ሽልማት የወሰደው ነው። ከስሌቱ የሚወጣው ውጤት እያንዳንዱ ወርክሾፕ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ የሚገባው ነው፤ የክብ ቀዳዳ ቤታ ከራዲየሱ ስድስተኛ ኃይል ጋር አብሮ ያድጋል። ቀዳዳውን 10 በመቶ ብታሰፉት ቤታ 77 በመቶ ይጨምራል። እጥፍ ብታደርጉት 64 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው፣ ቀመሩ እስከዚያ ከሠራ። ግድግዳው ወፍራም ሲሆን ደግሞ ቁልቁለቱ ይብሳል። የልጁ 8 ሚሊ ሜትር 9 ሲሆን ቤታ በግምት በእጥፍ አደገ። ቀዳዳ እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። ቤታ ማለት በፊዱ በኩል የሚወጣው ኃይል ሬዞኔተሩ በራሱ ግድግዳ ከሚያባክነው ስንት እጥፍ ነው ማለት ነው። ቤታ 1 ሲሆን ነጸብራቁ ይጠፋል፣ ጉድጓዱ ይጠልቃል። ቤታ 0.5 ሲሆን ጉድጓዱ 9.5 ዲቢ ነው። ቤታ 2 ሲሆንስ? እሱም 9.5 ዲቢ! ኩፕሊንጉ ያነሰውም የበዛውም ስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት ጥልቀት ያሳያሉ። የልጁ ሬዞኔተር ቤታው 1.5 ነበር፤ ቀድሞውንም በዝቶበታል። ሲሰረሰር 3 ሆነ፤ ጉድጓዱም ከ14 ወደ 6 ዲቢ ተነሣ። ማጥበብ ሲገባ ማስፋት!

ስህተቱ ትራፓኖ ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። የተለካው ኪው 5,000 ነው እንበል። ይህ የተጫነው ኪው ነው፤ የሬዞኔተሩን የራሱን ለማግኘት በ1 ሲደመር ቤታ ይባዛል። ቤታ 0.5 ከሆነ 7,500፣ ቤታ 2 ከሆነ 15,000 ይመጣል። ከአንድ ግራፍ ሁለት መልስ፣ አንዱ የሌላው እጥፍ። እና ስንት መመረቂያ ጽሑፍ የጥልቀቱን ግራፍ ብቻ ለጥፎ «የብር ቅቡ ኪውን አሻሻለ» ብሎ ይደመድማል? ፈታኙስ «ስንት ዲቢ ወረደ?» ከማለት አልፎ «በየትኛው በኩል ናችሁ?» ብሎ የጠየቀው መቼ ነው?

መልሱ ደግሞ እዚያው መሣሪያ ላይ ነው። ስሚዝ ቻርቱን መክፈት ብቻ። ሬዞናንሱ ክብ ይሥላል፤ ክቡ የቻርቱን መሐል ከከበበ ኩፕሊንጉ በዝቷል፣ መሐሉን ሳይነካ ዳር ከቀረ አንሷል፣ በመሐሉ ካለፈ ልኩ ላይ ነው። በኪስ የምትያዘው ርካሿ ናኖቪኤንኤ እንኳ ስሚዝ ቻርት ታሳያለች፤ የፍሪኩዌንሲ አቅሟ 10 ጊጋኸርዝ ባይደርስም። ቻርት የሚያስፈራው ሰው ቢኖር ሌላ ዘዴ አለ። ትንሽ እርጥብ ወረቀት ወደ ሬዞኔተሩ ያስገባና ጉድጓዱን ይመልከት። ወረቀቱ ኃይል ስለሚበላ የሬዞኔተሩ ኪው ይወርዳል፣ ቤታም ይቀንሳል። ኩፕሊንጉ በዝቶ ከነበረ ጉድጓዱ ይጠልቃል። ልብ በሉ፤ ሬዞኔተሩ ባሰበት፣ ጉድጓዱ ግን አማረ። «የጠለቀ ሁሉ ጥሩ ነው» ባዩ ይህችን ሙከራ አንድ ቀን ቢሞክራት ኖሮ ምክሩን ያጠፋው ነበር።

ተቋማቱም ነጻ አይደሉም። ውድ አናላይዘር ተገዝቶ ቁልፉ ከአንድ ሰው ኪስ አይወጣም። ሰውየው ስብሰባ ከገባ ልኬት የለም። የካሊብሬሽን ኪቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ መተኪያው «በግዥ ሂደት ላይ» ነው። ተማሪው ታዲያ ምን ያድርግ? ሲሙሌተር ይከፍታል፤ እዚያ ፊዱ ፍጹም ነው፣ ብየዳው አይላላም፣ ግድግዳው አይዝግም። ሲሙሌተር ጥሩ ነገር ነው፤ ለክቶ ለማያውቅ ሰው ግን የሚሰጠው ቀለም ያለው ሥዕል ብቻ ነው። በ10 ጊጋኸርዝ መዳብ ውስጥ ሞገዱ የሚዘልቀው 0.66 ማይክሮ ሜትር ብቻ መሆኑን፣ የወርክሾፕ ጭረት ኪው እንደሚበላ ያስተማረው የለም።

ወደ ፊዶቹ እንመለስ። 4. ታፕ... ተራ ቁጥሩ እዚህ ላይ ይቅር፤ የቀረው በቁጥር የሚደረደር አይደለም። ታፕ ማለት የኮኔክተሩ ፒን በቀጥታ ሬዞኔተሩ ዘንግ ላይ መበየዱ ነው። የሞባይል ጣቢያ ፊልተሮች በብዛት የሚጠቀሙት በምክንያት ነው። በ1800 ሜጋኸርዙ ባንድ ስልኮች የሚልኩበት ክፍል ከ1710 እስከ 1785 ሜጋኸርዝ ነው። ይህን 75 ሜጋኸርዝ ስፋት ለማሳለፍ የመጀመሪያው ሬዞኔተር በፊዱ በኩል የሚኖረው ኪው ወደ 23 ገደማ መውረድ አለበት። ያን ያህል ብርቱ ኩፕሊንግ በአጭር ፕሮብ አይገኝም። የታፕ ጠላቱ ብየዳው ነው፤ ከላላ ወይም ኒኬል ከነካው ሁለት ጠንካራ ሲግናሎች ተደባልቀው ሦስተኛ ይወልዳሉ፣ እሱም በመቀበያው ባንድ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ማማ ላይ ወጥቶ የፊልተር ብሎን በግምት የሚያዞር ቴክኒሻን ይህን ይወቅ፤ ያ በቀለም የታሸገ ብሎን የታሸገው ለጌጥ አይደለም።

ጥልቅ ጉድጓድ ጨርሶ የማይፈለግበትም ቦታ አለ። ሃምቡርግ ያለው የአውሮፓ ኤክስ-ሬይ ሌዘር በ1.3 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ፣ ኤሌክትሮኖችን የሚያፋጥኑ የኒዮቢየም ካቪቲዎች አሉት። በ2 ኬልቪን ሲቀዘቅዙ የራሳቸው ኪው 10 ቢሊዮን አካባቢ ነው። የኃይል ኩፕለራቸው ኪው ግን ጥቂት ሚሊዮን ላይ ይስተካከላል፤ ማለትም ቤታ በሺዎች ይቆጠራል። ኤሌክትሮኖቹ ከሌሉ የተላከው ኃይል ሁሉ ማለት ይቻላል ተመልሶ ይመጣል። ኤሌክትሮኖቹ ሲያልፉ ግን ኃይሉን የሚወስዱት እነሱ ስለሆኑ ፊዱ የሚለካው በእነሱ ነው። ኩፕለሩ ውስጥ ያለው አንቴና ተንቀሳቃሽ የሆነውም ለዚህ ነው። የቻናሉ ምክር እዚያ ቢሠራበት የፕሮጀክቱ ሰዎች ምን ይሉ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን በካሊፎርኒያ ያለው የአፋጣኝ ቤተ ሙከራ ስላክ ነው። እዚያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በ11.4 ጊጋኸርዝ አፋጣኞች ላይ ከባድ ኃይል ሲለቀቅ የሚጎዳው የኩፕለሩ አካባቢ ሆነ። ምክንያቱ ዌቭጋይዱ ወደ ካቪቲው የሚገባበት የአይሪስ ስለታም ጠርዝ ነበር፤ ጅረቱ እዚያ ተሰብስቦ በእያንዳንዱ ምት ብረቱን ያግለዋል። ጠርዙን ማደብዘዝ ጉዳቱን ቀነሰው። ለኤልሲኤልኤስ የኤክስ-ሬይ ሌዘር የኤሌክትሮን መድፍ ሲነደፍ ትምህርቱ አልተረሳም። ከዚያ አልፎም በአንድ ጎን ብቻ የሚገባ ፊድ መስኩን ወደዚያው ስለሚያዘነብለው ፊዱ ከሁለት ተቃራኒ ጎን እንዲገባ ተደረገ። ሁለት ፊድ ደግሞ ሌላ መዛባት ስለሚያመጣ የካቪቲው ክብ ቅርጽ እንደ ሩጫ ሜዳ ሞላላ ሆነ። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2009 የመጀመሪያውን የኤክስ-ሬይ ሌዘር ብርሃን ሰጠ። ፊድ መምረጥ ማለት ይህ ነው፤ የፊዶቹ ብዛት፣ የጠርዙ ክብነት፣ የመስኩ ሚዛን።

ይህ ሁሉ የሩቅ ነገር ለሚመስለው አንባቢ፣ በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ የተደረደሩት ዲሾች ብዙዎቹ ሬዞኔተር ተሸክመዋል። በቆዩት ኤልኤንቢዎች (የዲሹ መቀበያ ራሶች) ውስጥ የ9.75 እና የ10.6 ጊጋኸርዝ ፍሪኩዌንሲን የሚወስኑት ትናንሽ የሴራሚክ ክኒኖች ናቸው። ክኒኑ ሽቦ አይነካውም፤ ከአጠገቡ የሚያልፈው የሰርኪዩት መስመር ብቻ ይበቃዋል። የኩፕሊንጉ ልክ በክኒኑና በመስመሩ ርቀት ይወሰናል፤ ከላይ ያለው ብሎን ደግሞ ፍሪኩዌንሲውን ያንቀሳቅሳል። ምስል ጠፋ ብሎ ያችን ብሎን የሚያዞር ጠጋኝ ቻናሎቹን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ለቻናሉ ባለቤት አንድ ጥያቄ፦ ጽሑፉን ያጥፉት ወይም ያርሙት፤ ገና ዛሬም እየተጋራ ነው። አንባቢዎች ደግሞ «ፊዴ ጥሩ ነው ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁ የጉድጓዱን ሥዕል ብቻ አትላኩ። ስሚዝ ቻርቱን፣ የተጫነውን ኪው፣ የካሊብሬሽኑን ቦታ፣ የቀዳዳውን ስፋትና የግድግዳውን ውፍረት አብራችሁ ላኩ። ሬዞኔተሩ ለምን ሥራ እንደሆነም ጻፉ። ትራፓኖው እስከዚያው ከሶኬቱ ይነቀል።