የልጅ ዕድሜና ጎረቤት የሌለው በር

ዛሬ የምንነጋገረው ልጆቻችን ስለሚይዙት ስልክና በስልኩ ውስጥ ስላለው ማኅበራዊ መገናኛ ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት በደጀ ሰላም አግኝታን አንድ ጥያቄ አቀረበችልን፤ ነገሩ የንስሐ ምስጢር አይደለም፣ እንድንናገረውም ፈቅዳልናለች። የ12 ዓመት ልጅዋ ቲክቶክ የሚባለውን ሊከፍት ቢነሣ ስልኩ የተወለደበትን ዓመት ጠየቀው። ልጁም «እማዬ፣ ስንት ብዬ ልሙላ?» አላት። እርስዋ ወጥ በመሥራት ላይ ነበረችና 6 ዓመት ጨምራ ነገረችው። «አባ፣ ይህ በደል ይሆንብኛልን?» አለችን።

በአገራችን ልማድ የሕፃን ዕድሜ የሚሰወር ነገር አልነበረም። ወንዱ በ40፣ ሴቲቱ በ80 ቀን ወደ ጥምቀት ሲመጡ ካህኑ ያውቃል፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል። ልጁ አድጎ ጠጅ ቤት ቢገኝ «ይህ የእገሌ ልጅ አይደለምን?» ብሎ ጆሮውን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመልሰው አይታጣም ነበር። በስልክ ውስጥ ያለው በር ግን ጎረቤት የለውም፤ የተነገረውን ቁጥር ተቀብሎ ያስገባል።

ብዙዎቹ ኩባንያዎች የመግቢያውን ወሰን 13 ዓመት አድርገዋል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣ ሕግ ሲሆን፣ ከ13 ዓመት በታች ያለን ልጅ የግል መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብን ይከለክላል። ስለዚህ ቁጥሩ በነጋዴ ፊት የተተከለ ወሰን እንጂ፣ 13 ዓመት የሞላው ልጅ ያየው ሁሉ አይጎዳውም የሚል የሐኪም ቃል አይደለም።

አሁን ያ የተጨመረው 6 ዓመት ምን እንደ ሠራ እንመልከት። በቲክቶክ ደንብ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከሌላው ጋር በግል መጻጻፍ አይችልም፤ ገጹም ከመነሻው ለማያውቀው ሰው የተዘጋ ነው። 18 ዓመቴ ነው ላለ ግን ይህ ሁሉ ይነሣል። እንግዲህ እናቲቱ የጻፈችው ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ የልጅዋን መቀርቀሪያ በገዛ እጅዋ መሳብዋ ነበር።

በዚህ በር የሚገባው ክፉ ሰው መልኩን ለውጦ ይመጣል። እኩያ መስሎ፣ ብዙ ጊዜም ሴት ልጅ መስሎ ይቀርባል፤ ያመሰግናል፣ ያዝናናል፤ ከዚያም የገላ ሥዕል እንዲልክለት ይለምናል። ሥዕሉን ካገኘ በኋላ «ገንዘብ ካልላክህ ለዘመዶችህ አሳያለሁ» ይላል። በዚህ ጊዜ ልጅን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው የአባቱ ቁጣ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ወላጅ ልጁን አይምታ፤ ገንዘብ አይላክ፤ የተጻፈውንም ሳይሰርዝ ለፖሊስ ያሳይ።

ሌላው ጉዳት ከሰው ሳይሆን ከመሣሪያው አሠራር የሚመጣ ነው። መሣሪያው የልጁ ዐይን በየትኛው ሥዕል ላይ እንደ ዘገየ ይቆጥራል፤ ያንኑም የሚመስል እየጨመረ ያቀርባል። ያዘነ ልጅ አንድ ጊዜ የኀዘን ነገር ቢመለከት ኀዘን ይዘንብበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. በለንደን አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ሕይወትዋን አጠፋች፤ የሞቷን ምክንያት የመረመረው ባለሥልጣንም በ2022 ዓ.ም. በኢንተርኔት ያየችው ነገር ለሞቷ አስተዋጽኦ እንደ ነበረው በይፋ ገለጠ።

የአውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ሕግ አውጥቶ፣ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በፌስቡክ፣ በኢንስታግራም፣ በቲክቶክ፣ በስናፕቻት፣ በዩቲዩብና በመሳሰሉት መዝገብ እንዳይኖረው አድርጓል። እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የሚደርሰው መቀጮም በኩባንያው ላይ ነው እንጂ በልጁ ወይም በወላጁ ላይ አይደለም። ይህ መልካም ፍርድ ይመስለናል። በሜልበርን የሚኖሩ ወገኖቻችንም ሕጉን በየቤታቸው እያዩት ነው።

ዕድሜን ለማወቅ ኩባንያዎቹ የመታወቂያ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ወይም የልጁን አጠቃቀም አይተው ይገምታሉ፤ ወይም ፊቱን በካሜራ ተመልክተው ይህን ያህል ዓመት ይሆነዋል ይላሉ። ፊትን የሚመለከተው መሣሪያ ግምት ስለሆነ በጥቂት ዓመታት ይስታል፤ 15ን ከ16 መለየትም ይከብደዋል። ብልኅ ልጅም ስልኩን ወደ ታላቅ ወንድሙ ፊት ያዞራል! ደግሞም ዋትስአፕ ከሕጉ ውጭ ነው፤ ሳይመዘገቡ ዩቲዩብን መመልከትም አልተከለከለም። ሕግ አጥር ነው፤ አጥር ደግሞ ቀዳዳ አያጣም።

እናቲቱን «አዎን፣ በደል ነው» አልናት። ነገር ግን ሐሰቱ ከቁጥሩ ይልቅ የሚከብደው፣ ልጁ ከእናቱ ጋር ተባብሮ መዋሸትን ስለ ተማረ ነው። ካህኑ ዔሊ የልጆቹን ነውር እየሰማ ስላልከለከላቸው መወቀሱን ታስታውሳላችሁ፤ ይህን ስንል ራሳችንን ነጻ እያወጣን አይደለም፤ እኛም ሕፃን እንዳይረብሸን ስልክ የሰጠንበት ቀን አለ።

ወደ ቤትዋ ተመልሳ ልጅዋን አስቀመጠችና «ያን ቀን የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለችው። ልጁ አለቀሰ፤ ጓደኞቹ ሁሉ እዚያ እንዳሉም ነገራት። እርስዋም ከጽዋ ማኅበርዋ ሦስት እናቶችን አነጋግራ፣ የአራቱም ልጆች አብረው እንዲቆዩ ተስማሙ። መዝገቡን ከመዝጋታቸው በፊት እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው የመጡትን መልእክቶች አነበቡ። ከማያውቃቸው ሰዎች የተላኩ ሦስት ነበሩ። ልጁ በጣቱ አንዱን እያመለከተ «ስለዚህኛው ልነግርሽ ፈርቼ ነበር» አላት።