የመሬት መግነጢሳዊ መስክ ትምህርት በመልካሳና በአካባቢዋ
መርፌው ሳያዘነብል ሲቀር መምህሩ ምን ያስተምራል?

ስለ መሬት መግነጢሳዊ መስክ በሚሰጥ ትምህርት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቀርብ አንድ የታወቀ ሥዕል አለ። ከመካከሉ በክር የተንጠለጠለ መግነጢሳዊ መርፌ ሰሜን ጠቋሚ ጫፉን ወደ ምድር አዘንብሎ ይታያል። ሥዕሉ ትክክል የሚሆነው ግን ለሰሜን አውሮፓና ለመሰል አገሮች ነው። ለምሳሌ በለንደን መርፌው ወደ 66 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ይኸው ሙከራ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ በምትገኘው በመልካሳ ሲደረግ ግን መርፌው አግድም እንደ ሆነ ይቀራል።

በዚህ ጊዜ ተማሪው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ዓይኑ ያየውን ይመዘግባል፣ ወይ መጽሐፉ ያሳየውን ይገለብጣል። መምህሩም «ሙከራው አልተሳካም» ብሎ ካለፈ፣ ተማሪው የሚማረው መግነጢስን ሳይሆን የራሱን ምልከታ መጠራጠርን ነው። በእርግጥ ግን አግድም የቀረው መርፌ ትክክለኛውን ውጤት ሰጥቷል። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቱን ማብራራትና ትምህርቱ ከአካባቢው ሁኔታ ተነሥቶ የሚሰጥበትን መንገድ ማመልከት ነው።

1. መርፌው አግድም የሚሆንበት ምክንያት

የመሬት መግነጢሳዊ መስክ በጥቅሉ ሲታይ የዘንግ መግነጢስ መስክን ይመስላል። የመስኩ መስመሮች በዋልታዎች አካባቢ ወደ ምድር ቀጥ ብለው ይገባሉ፣ ወይም ይወጣሉ፤ በሁለቱ ዋልታዎች መካከል ግን ከምድር ገጽ ጋር ትይዩ ሆነው ያልፋሉ። መስመሮቹ ትይዩ የሚሆኑባቸው ቦታዎች ሲገናኙ መግነጢሳዊ የምድር ወገብ ይባላሉ። ይህ ወገብ ከጂኦግራፊው የምድር ወገብ ጋር አይገጥምም፤ በምሥራቅ አፍሪካ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ በኢትዮጵያ ውስጥ ያልፋል። መልካሳ በ8 ዲግሪ ከ24 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ብትገኝም ለመግነጢሳዊው ወገብ እጅግ ቅርብ ናት። ከዚህ የተነሣ መርፌው ወደ ላይም ወደ ታችም የሚስበው ኃይል የለም ማለት ይቻላል። በካይሮ ሰሜን ጠቋሚው ጫፍ ከ40 ዲግሪ በላይ ወደ ታች ሲያዘነብል፣ በናይሮቢ ደግሞ የሚያዘነብለው ደቡብ ጠቋሚው ጫፍ ነው።

ይህ አቀማመጥ ለሳይንስ ታላቅ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ተቋቁሟል። ጣቢያው በመግነጢሳዊው ወገብ አጠገብ በመሆኑ በዓለም ጥቂት ከሆኑት መሰሎቹ አንዱ ሆኗል። በዚህ ወገብ ላይ በቀን፣ ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይፈሳል፤ በየቀኑም የመስኩን መጠን በትንሹ ይለውጣል። በአዲስ አበባ የመስኩ መጠን ወደ 36 ሺህ ናኖቴስላ ስለሆነ፣ ይህን ጥቂት ለውጥ የሚያሳየው የክፍል መርፌ ሳይሆን የጣቢያው ስሱ መሣሪያ ነው።

2. ሙከራው

ለሙከራው የሚያስፈልጉት የልብስ ስፌት መርፌ፣ ቀጭን ክር፣ ጥቂት ሰም፣ በውኃ የተሞላ የሸክላ ወይም የፕላስቲክ ሳህን፣ የደረቀ የበቆሎ አገዳ ቁራጭና አንድ መግነጢስ ናቸው። መግነጢሱ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ሊወጣ ይችላል። የቆርቆሮ ጣሪያና ባለ ብረት እግር ዴስክ መርፌውን ስለሚስቡ ሥራው ከክፍል ውጭ፣ ነፋስ በማይነካው ቦታ ቢደረግ ይመረጣል።

ሀ/ መርፌው ገና መግነጢስ ሳይሆን ከመካከሉ በክር ይታሠርና አግድም እስኪሆን ድረስ ሚዛኑ ይስተካከላል። ክሩ እንዳይንሸራተት በሰም ይያዛል።

ለ/ ከዚያም በመግነጢሱ አንድ ወገን፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ያህል ይታሻል።

ሐ/ መርፌው እንደገና ሲንጠለጠል ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዞራል፤ ነገር ግን አግድም እንደ ሆነ ይቆያል። በሌላ መርፌ፣ በአገዳው ላይ ተደርጎ በውኃ ላይ በማንሳፈፍ፣ አቅጣጫውን ማረጋገጥ ይቻላል።

መ/ መሣሪያው ማዘንበልን ለማሳየት የሚችል መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ የተንጠለጠለው መርፌ በተጋደመ የዘንግ መግነጢስ በላይ ከጫፍ ወደ ጫፍ በቀስታ ይንቀሳቀሳል። በመግነጢሱ መካከል ላይ አግድም ይሆናል፤ ወደ ዋልታው ሲቀርብ ያዘነብላል፤ በዋልታው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተማሪው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከመልካሳ እስከ ለንደን የሚያደርሰውን ጉዞ ያያል።

በዚህ ጊዜ ሁለት የተለመዱ ስሕተቶችን ማረም ይገባል። አንደኛ፣ የመርፌው ሰሜን ጠቋሚ ጫፍ ወደ ሰሜን የሚሳበው፣ በጂኦግራፊው ሰሜን በኩል ያለው የመሬት መግነጢሳዊ ዋልታ በጠባዩ ደቡብ ዋልታ ስለሆነ ነው። ሁለተኛ፣ በመሬት ውስጥ የተቀበረ መግነጢስ የለም። ብረት ከ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ መግነጢስነቱን ያጣል፤ የመሬት እምብርት ግን ብዙ ሺህ ዲግሪ ይሞቃል። መስኩን የሚፈጥረው ከ2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት በታች የሚንቀሳቀሰው ቀልጦ የሚፈስ ብረት የሚያመነጨው የኤሌክትሪክ ጅረት ነው።

3. እውነተኛውን ሰሜን ማግኘት

መርፌው የሚያመለክተው ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን በጥቂት ዲግሪ ይለያል። ልዩነቱን ለማሳየት በሜዳ ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ ይተከላል። ረፋዱ ላይ የጥላው ጫፍ ምልክት ይደረግበታል፤ በዘንጉም ዙሪያ በዚያው ርቀት ክብ ይሰመራል። ከሰዓት በኋላ ጥላው ክቡን እንደገና ሲነካ ሁለተኛ ምልክት ይደረጋል። ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብን፣ ለዚህ ቀጤ ነክ የሆነው ደግሞ ሰሜንና ደቡብን ያሳያል። በመልካሳ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ስለሚወድቅ፣ «የቀትር ጥላ ሰሜንን ያሳያል» የሚለው አባባል በእነዚህ ወራት አያገለግልም።

4. በድንጋይ የተጻፈ ታሪክ

የስምጥ ሸለቆ ተማሪ የሚረግጠው ምድር ራሱ የትምህርት መሣሪያ ነው። መግነጢስ በላስቲክ ተጠቅልሎ በእሳተ ገሞራ አሸዋ ውስጥ ቢጎተት ብረት አዘል ጥቁር ቅንጣቶች ይጣበቁበታል። እንደነዚህ ያሉ ቅንጣቶች ያሉበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ በዚያን ዘመን የነበረውን የመስክ አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። በዚህም የመሬት መስክ ብዙ ጊዜ እንደ ተገለበጠ ታውቋል፤ የመጨረሻው ሙሉ መገልበጥ የሆነው ከ780 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። በመልካሳ የሚያልፈው አዋሽ በሚደርስበት በአፋር፣ በጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜ ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በላይ መሆኑ የተረጋገጠው፣ ከሌሎች ዘዴዎች ጋር፣ በዚህ የመግነጢስ መዝገብ ነው።

5. ለዕቅድ አውጪዎች

ኮምፓሶች የሚሠሩት በሚሸጡበት ክፍለ ዓለም ዝንበላ መሠረት ሚዛናቸው ተስተካክሎ ነው። ለሰሜን አውሮፓ የተሠራ ኮምፓስ በደቡብ ጫፉ በኩል ተጨማሪ ክብደት ስላለበት፣ በኢትዮጵያ ያ ጫፍ ወደ ታች ይጎተታል። በመሆኑም ግዥ ሲፈጸም ለመግነጢሳዊው ወገብ አካባቢ የተሠራ ኮምፓስ መጠየቅ አለበት። የፈተና ጥያቄም «መርፌው ወደ የት ያዘነብላል?» ብሎ ብቻ መጠየቅ የለበትም፤ ቦታው መጠቀስ አለበት። አለዚያ በትክክል የተመለከተው ተማሪ ነጥብ ያጣል፣ ሳያይ የገለበጠው ያገኛል።

የሳይንስ ትምህርት ፍሬ የሚለካው ተማሪው መጽሐፉን ምን ያህል በቃሉ እንዳጠና ብቻ ሳይሆን፣ መጽሐፉና ምልከታው ሳይስማሙ ሲቀሩ ምክንያቱን ለመፈለግ ባለው ችሎታ ነው። አግድም የቀረው የመልካሳ መርፌ ለዚህ ልምምድ፣ ከአንድ መርፌና ከአንድ ክንድ ክር በላይ ወጪ የማይጠይቅ፣ መልካም አጋጣሚ ነው።