ኤችአይቪ በማረሚያ ቤት፦ መድኃኒት የሚቋረጥባቸው ሦስት በሮች



በዒድ ሰሞን ለታራሚ ወገኖቻችን ምግብና ልብስ ማዋጣት ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ከምግቡና ከልብሱ አልፈን ግን እዚያ ግቢ ውስጥ ስላለው ሰው ጤና እምብዛም አንነጋገርም። ጉዳዩ ኤችአይቪ ሲሆን ደግሞ ዝምታው ይበልጣል። በዚህ ጽሑፍ ኤችአይቪ ማረሚያ ቤት ውስጥ ለምን የተለየ ትኩረት እንደሚፈልግ፣ ሕክምናው የት ላይ እንደሚሰናከልና እኛ ምን ማድረግ እንደምንችል እናያለን።

ቁጥሩ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ በ2014 በማንኛውም አንድ ቀን በዓለም ላይ 10.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእስር ላይ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ 3.8 በመቶ ያህሉ ኤችአይቪ በደማቸው ይገኛል፤ 2.8 በመቶው ደግሞ ንቁ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) አለባቸው ተብሎ ተገምቷል። በአገራችንም በማረሚያ ቤቶች በተደረገ ጥናት የኤችአይቪ ስርጭት ከ4 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ በአዋቂዎች ላይ ያገኘው ስርጭት ግን 0.9 በመቶ ነበር። የአገሪቱ የኤችአይቪ ስትራቴጂክ ዕቅድ ታራሚዎችን ቅድሚያ ከሚሰጣቸው የኅብረተሰብ ክፍሎች አንዱ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ቁጥር አይቶ «ታራሚ ሁሉ በሽተኛ ነው» ማለት ስህተት ነው። ከ4 በመቶ በላይ ማለት ከመቶ ታራሚ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ቫይረሱ የለበትም ማለት ነው። ቫይረሱ ካለባቸውም ብዙዎቹ ይዘውት የገቡ ናቸው። ድህነት፣ ሥራ ፍለጋ ከቤት ርቆ መኖር፣ ከጤና ተቋም መራቅ ሰውን ለሕመምም ለእስርም ያጋልጣሉ። ማረሚያ ቤቱ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል፦ መጨናነቅ፣ አንድ ምላጭ ለብዙ ሰው መጠቀም፣ ባልጸዳ መርፌ ንቅሳት መነቀስ፣ አንዳንዴም ወሲባዊ ጥቃት።

በአንጻሩ ኤችአይቪ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በአንድ ፍራሽ በመተኛት፣ በአንድ ማሰሮ ውሃ ዉዱእ በማድረግ ወይም በአንድ ሶፍ ተጠጋግቶ በመስገድ አይተላለፍም። ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ታራሚን ከምርመራና ከመድኃኒት የሚያርቀው ትልቁ ነገር የክፍል ጓደኞቹን መገለል መፍራቱ ነው።

ክኒኑ ምን ይሠራል?

በኢትዮጵያ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ዛሬ አብዛኛው አዋቂ የሚወስደው ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ላይ የተዘጋጁበትን አንድ ክኒን በቀን አንዴ ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሰውነት ጨርሶ አያስወጣም፤ እንዳይራባ ግን ያግደዋል። በአግባቡ የሚወስድ ሰው በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል። እንዲህ ዝቅ ብሎ የቆየለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ስለዚህ ማከም መከላከልም ነው። የታራሚው ሕክምና ነገ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያገኛትን ባለቤቱንና የሚወለዱ ልጆቹንም ይጠብቃል።

መድኃኒቱ ከተቋረጠ ግን ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። መቋረጡ ከተደጋገመ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል፤ የሰውነት የመከላከል አቅምም ይዳከማል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «ማረሚያ ቤት ውስጥ መድኃኒት አለ ወይ?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ሳይቋረጥ ይደርሳል ወይ?» የሚለውም ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ ማረሚያ ቤቶች የሚገኙ ታካሚዎች ውጪ ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ መድኃኒታቸውን በአግባቡ በመውሰድ ረገድ ወደኋላ ቀርተው ተገኝተዋል።

ሦስቱ በሮች

የመጀመሪያው በር የተያዘበት ቀን ነው። ሰው ሲያዝ ክኒኑን በኪሱ ይዞ አይደለም። በፖሊስ ጣቢያ በሚቆይበት ጊዜ ስንቅ የሚያቀብለው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ ነው፤ መድኃኒቱም መምጣት የሚችለው ከስንቁ ጋር ነው። ሁኔታውን ለቤተሰቡ ያልነገረ ሰውስ? ወይ ምስጢሩን ይገልጣል፣ ወይ መድኃኒቱን ያቋርጣል። ለመርማሪው ወይም ለጥበቃው እንዳይናገር ደግሞ ወሬው ክፍል ውስጥ እንዳይደርስ ይፈራል።

ሁለተኛው በር ዝውውር ነው። ከጣቢያ ወደ ማረሚያ ተቋም፣ ከዱራሜ ወደ ሆሳዕና፣ ከዞን ወደ ሌላ ቦታ የሚዛወር ታራሚ ሰውነቱ ሲሄድ የሕክምና ካርዱ ኋላ ሊቀር ይችላል። የኤአርቲ ክትትል ከአንድ ጤና ተቋም ወደ ሌላው የሚተላለፈው በዝውውር ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከሌለ አዲሱ ክሊኒክ ሰውየው የትኛውን መድኃኒት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚወስድና የቫይረስ መጠኑ ስንት እንደነበር ለማወቅ ይቸገራል። በማረሚያው ውስጥም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ለመሄድ መኪናና አጃቢ ያስፈልጋል፤ አጃቢ ከጠፋ ቀጠሮው ያልፋል። ሁልጊዜ በአንድ ቀን ለአንድ ክሊኒክ የሚጠራ ሰው ደግሞ ማንም ሳይነግር ይታወቅበታል።

ሦስተኛው በር የመፈቻ ቀን ነው። ይህ የደስታ ቀን ስለሆነ አደጋው አይታሰብም። በይቅርታ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ድንገት የሚፈታ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ አገሩ መግባት ነው። በእጁ የአንድና ሁለት ወር መድኃኒትና የዝውውር ወረቀት ካልተሰጠው፣ ገጠር ቀበሌው ገብቶ ክትትሉ ሊጠፋ ይችላል። ማረሚያ ቤት ውስጥ የተደከመበት ሕክምና በሩ ላይ ይቀራል።

ቲቢን ለይተን አንየው

ኤችአይቪ ያለበትን ሰው ከሚገድሉት በሽታዎች ግንባር ቀደሙ ቲቢ ነው። ቲቢ ደግሞ የሚወደው የተጨናነቀና አየር የማይገባበት ክፍል ነው። እዚሁ በሐዲያ ዞን ማረሚያ ተቋም ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት የሳንባ ቲቢ ስርጭቱን ከ100,000 ሰው ወደ 350 ገደማ አድርጎ አግኝቶታል። በ2010 እና 2011 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የቲቢ ጥናት በአክታ ምርመራ የተገኘው ስርጭት በአዋቂዎች ላይ ከ100,000 ሰው 108 ነበር። ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ ሲገቡ የሳል ምርመራ ማድረግ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ሲኖር አክታውን ማስመርመር፣ መስኮት መክፈት፣ ኤችአይቪ ላለበት ሰው የቲቢ መከላከያ መድኃኒት መስጠት የኤችአይቪ አገልግሎት አካል ናቸው። ቲቢ በር አይጠይቅም፤ የማረሚያ ፖሊሱም፣ ጠያቂውም፣ የሚፈታው ሰውም ይዞት ሊወጣ ይችላል።

ምን መሟላት አለበት?

የዓለም ጤና ድርጅትን ጨምሮ አምስት የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2013 ለማረሚያ ቤቶች 15 አገልግሎቶችን የያዘ ዝርዝር አውጥተዋል። ከዝርዝሩ ውስጥ እንደ ኮንዶም አቅርቦት ያሉት በብዙ አገሮች ያከራክራሉ፤ በአገራችን ማረሚያ ቤቶችም ተቀባይነት አላገኙም። ክርክሩ ግን የቀረውን እንዳያስረሳን። በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ምርመራና ምክር፣ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና፣ ቲቢን መከላከልና ማከም፣ ወሲባዊ ጥቃትን መከላከል፣ ተጠቂን በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመረውን የ28 ቀን መከላከያ መድኃኒት ማስጀመር፣ ነፍሰ ጡር ታራሚ እናት ቫይረሱን ወደ ልጇ እንዳታስተላልፍ ማከም፣ ለየራስ ምላጭ ማቅረብ፤ እነዚህን የሚቃወም ሰው የለም።

የሌሎች ሙስሊም አገሮችን ተሞክሮ ለሚጠይቅ ኢራንን ማየት ይቻላል። በማረሚያ ቤቶቿ ኤችአይቪ በዋናነት በአደንዛዥ ዕፅ መርፌ መዛመቱን ካየች በኋላ፣ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለሱሰኛ ታራሚዎች የሜታዶን ሕክምናን በስፋት አስገብታለች። የእኛ ችግር በመልኩ የተለየ ነው፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው፦ ችግሩን መደበቅ አላቆመውም፣ ማከም ግን ቀንሶታል።

ይህ የቸርነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የተያዙና የታሰሩ ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸው እንዲጠበቅና በቤተሰብ፣ በሐኪም፣ በጠበቃና በሃይማኖት አማካሪ እንዲጎበኙ መብት ይሰጣል። በ2015 እ.ኤ.አ. የጸደቁት የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች አንቀጽ 24 ደግሞ ታራሚ ውጪ ካለው ሰው እኩል ሕክምና እንዲያገኝና የኤችአይቪና የቲቢ ሕክምናው እንዳይቋረጥ ይጠይቃል። ፍርድ ቤት የወሰደው ነጻነትን ነው፤ ጤናን አልወሰደም።

በረመዷን ወር

ለሙስሊም ታራሚ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። «ስጾም መድኃኒቴስ?» መልሱ ማቋረጥ አይደለም። በቀን አንዴ የሚወሰድ ክኒን ወደ ኢፍጣር ሰዓት ሊዛወር ይችላል። ከቲቢ መድኃኒት ጋር በቀን ሁለት ጊዜ የሚወስድ ሰው በኢፍጣርና በሱሑር መካከል ያለው ሰዓት መብቃቱን ከሐኪሙ ጋር ማየት አለበት። የደከመ ወይም ሐኪም የከለከለው ሰው ደግሞ ሸሪዓው ለታመመ የሰጠውን ፈቃድ ቢጠቀም ምንም ነውር የለበትም። ይህን ከረመዷን በፊት ለታራሚዎች የሚያስረዳ ኡስታዝና የጤና ባለሙያ አብረው ቢገቡ ብዙ ሰው ከስህተት ይድናል።

እኛስ?

ሱረቱል ኢንሳን ምርኮኛን ከድሃና ከየቲም ጋር አብሮ እንደሚያነሳ ሁላችንም እናውቃለን። ዚያራችን ለዒድ ብቻ ባይሆን መልካም ነው።

በንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል የምትለማመዱ የጤና ተማሪዎች፣ በአጃቢ የመጣ ታካሚ ስታገኙ ምርመራውን አጃቢው በማይሰማበት ቦታ አድርጉ፤ ቀጣዩ ቀጠሮና መድኃኒቱ በእጁ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትሸኙት። የሕግ ተማሪዎች፣ በነጻ የሕግ ድጋፍ ስትሳተፉ ደንበኛችሁን «የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ?» ብላችሁ ለብቻው ጠይቁ፤ የበሽታውን ስም መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። የቀረነው ደግሞ ስናዋጣ ሳሙናና ለየራስ የሚሆን ምላጭ እንጨምር፤ አንድ ዘመዳችን ሲያዝ ከምግቡ በፊት መድኃኒቱን እናስብ፤ የሰማነውን ምስጢር አማና አድርገን እንያዝ። የሰውን ሕመም በካፌ ወሬ ማድረግ ጊይባ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ሕክምና የሚያስጥል ጊይባ ነው።

ታራሚው ዛሬ ወይም ነገ ይፈታል። ወደ ሌሞ፣ ወደ ሾኔ፣ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሺንሺቾ፣ ወደየቤቱ ይመለሳል። ጤነኛ ሆኖ እንዲመለስ ሦስቱም በሮች ላይ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል። አላህ ለሕሙማን ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።