ክረምት ሳይገባ የመጋዘንንና የሱቅን ጣራ ስለ መጠበቅ

ነጋዴ ገንዘቡን በባንክ ያኖራል፤ ሰነዱንም በሣጥን ይቈልፋል። ከሀብቱ የሚበዛው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከቆርቆሮ ጣራ በታች ነው። ቡናውን፣ ስኳሩን፣ ጨርቁንና ስሚንቶውን ከዝናብ የሚለየው ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ብረት ነው። ስለዚህ የጣራ ነገር የአናጢ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የንግድም ጉዳይ መሆኑን መገንዘብ ይገባል።

በአዲስ አበባ ዋናው ዝናብ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ የሚበረታውም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከተማው በአብዛኛው ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ፣ በዝናቡ ውስጥ ያለው በረዶ ሳይቀልጥ ከምድር ይደርሳል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። እንግዲህ 300 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የመጋዘን ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ፣ 9,000 ሊትር ውኃ በአሸንዳው በኩል መውጣት አለበት ማለት ነው።

አሸንዳው ንጹሕ ከሆነ ይህ ውኃ ያለ ጉዳት ይወርዳል። ነገር ግን የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ አቧራና የወፍ ጎጆ በበጋው ወራት ተጠራቅመው ከቈዩ፣ በረዶው በዚያ ላይ ተከምሮ የመውረጃውን ቱቦ እንደ ውታፍ ይደፍነዋል። መውጫ ያጣው ውኃ ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮው ጫፍ ሥር ይገባና በግድግዳውና በኮርኒሱ ላይ ይፈስሳል። እንደ ባዘቶ የሆነ በረዶ በሚወርድባቸው በካናዳና በስዊድንም ችግሩ ይህንኑ ይመስላል፤ በዚያ የቤቱ ሙቀት ያቀለጠው ውኃ ከጣራው ጠርዝ ሲደርስ እንደ ገና ረግቶ ግድብ ይሠራል፤ ከበስተኋላው የሚመጣውም ውኃ ወደ ቤት ይገባል። በሁለቱም ስፍራ ጉዳት የሚያደርሰው በረዶው ራሱ ሳይሆን መንገዱ የተዘጋበት ውኃ ነው።

ክብደቱም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ አሸንዳ በውኃና በበረዶ ሲሞላ ወደ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ማንጠልጠያው የላላ ከሆነ ይህን ሊችል አይችልም።

ስለዚህ በግንቦት ወር የሚከተሉትን መፈጸም ይጠቅማል።

አንደኛ፣ አሸንዳውንና ቱቦውን አስጠርጎ በባልዲ ውኃ እያፈሰሱ መሞከር ነው። አሸንዳው ወደ መውረጃው በየ2 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ መሆን ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ በሁለት ጣራዎች መካከል የሚያልፈውን የውስጥ አሸንዳ በተለይ መመርመር ነው። ይህ ሲሞላ የሚፈስሰው ወደ ውጭ ሳይሆን በዕቃው ላይ ነውና። ቱቦው በበረዶ ቢደፈን እንኳ ውኃው በሌላ በኩል እንዲወጣ፣ ከአሸንዳው አፍ ዝቅ ያለ የትርፍ ውኃ መውጫ ወደ ውጭ ማበጀት ያሻል።

ሦስተኛ፣ ምስማሮቹን መቈጣጠር ነው። የጣራ ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ሞገድ ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። የላላው ይጠበቃል፤ ጎማው የተሰነጠቀው ይለወጣል። የዛገው ስፍራ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባል።

ሠራተኛው ወደ ጣራው የሚወጣው በደረቅ ቀን ነው፤ የሚረግጠውም ማገር ባለበት በምስማሩ መስመር ላይ ነው። በረዶ ለመጥረግ አካፋ መጠቀም የቆርቆሮውን የዚንክ ልባስ ስለሚፍቅ፣ ከዚህ ይልቅ መጥረጊያ ወይም እንጨት ይሻላል።

ጠብታ በታየ ጊዜ ብዙዎች ከጠብታው ትይዩ ያለውን ቆርቆሮ ብቻ ይመለከታሉ። ዳሩ ግን ውኃ በወራጁ እንጨት ላይ ተጕዞ ከገባበት ራቅ ብሎ ሊንጠባጠብ ስለሚችል፣ ቀዳዳውን ወደ ጣራው አናት ከፍ ብሎ መፈለግ ይገባል።

ከጣራው በታችም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጆንያ በእንጨት ርብራብ ላይ ይደረደር፤ ከግድግዳውም ይራቅ። ስሚንቶ እርጥበት ከነካው ይረጋል። ለውጭ አገር የሚላክ ቡና፣ በዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት መመዘኛ መሠረት፣ እርጥበቱ ከ12.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። በአንድ ሌሊት የራሰ ጆንያ ሻጋታ ሲያበቅል የሚጐዳው የዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ላኪው ከገዢው ጋር የገባው ቃልም ነው።

ቆርቆሮ አስመጪዎችና ሻጮችም ቢሆኑ ከዚህ ውጭ አይደሉም። ተደራርቦ የተቀመጠ አዲስ ቆርቆሮ በመካከሉ ውኃ ከገባበት ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ያወጣል፤ ልባሱም ይበላሻል። ስለዚህ ቆርቆሮው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ አንደኛው ጫፉ ዘንበል ብሎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ይቀመጥ። ገዢውም የጌጁ ቍጥር በጨመረ መጠን ብረቱ እየሳሳ እንደሚሄድ ማወቅ አለበት፤ ባለ 32 ጌጁ ከባለ 28ቱ የሳሳ ነው። በዋጋው መርከስ ብቻ ተስቦ የሳሳውን የመረጠ ሰው ትርፉን በአንድ ብርቱ በረዶ ሊያጣው ይችላል።

በመጨረሻም የዋስትና ውል ያለው ነጋዴ ቃሉን ከክረምት በፊት ያንብብ፤ የዝናብና የበረዶ ጉዳት በውሉ ውስጥ መግባቱንና ባለቤቱ ጣራውን በደንብ የመያዝ ግዴታ ያለበት መሆኑን ይጠይቅ። ከጉዳት በኋላ የሚነበብ ውል ለጸጸት እንጂ ለጥቅም አይሆንም።

አሸንዳ ለማስጠረግ የሚወጣው ጥቂት ገንዘብ፣ አንድ ቁልል ስኳር ሲቀልጥ ከሚጠፋው ጋር የሚወዳደር አይደለም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ ሳይሆን ለውኃም ይሠራል።